የጓሮ ዶሮና የጎረቤት መረዳዳት
(ለቀበሌ ዶሮ አርቢዎች የተዘጋጀ ንግግር)



ስለ ገበሬ ሀብት ሲነገር በመጀመሪያ የሚነሣው በሬ ነው፤ ቀጥሎም ላም፥ በግና ፍየል ይቈጠራሉ። ዶሮ ግን ብዙ ጊዜ ከቍጥር አትገባም። የቤቱ አባወራ «ስንት ከብት አለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ ዶሮዎቹን አይጠቅስም፤ እነርሱ የሚስቱና የልጆቹ ናቸውና። ይሁን እንጂ ጨው ሲያልቅ፥ ለልጅ ደብተር ሲያስፈልግ፥ ድንገት ወደ ጤና ጣቢያ መሄጃ ሲታጣ፥ ከሁሉ አስቀድማ ለቤቱ የምትደርስለት ይህችው ያልተቈጠረችው ዶሮ ናት። በሬ ለደብተር አይሸጥም፤ እንቍላል ግን ይሸጣል። እንግዳ ሲመጣ በግ የማያርድ ቤት ዶሮ ያርዳል፤ በዓል ሲደርስም ወጡ የሚሠራው በእርሷ ነው።

ዶሮ በዚህ አገር እንግዳ አይደለችም። በምሥራቅ ትግራይ መዝበር በተባለው ጥንታዊ መንደር በተደረገ ቍፋሮ የተገኘው የዶሮ አጥንት ከ2400 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች አስታውቀዋል። ይህም ማለት ከአክሱም መንግሥት መነሣት አስቀድሞ የሰሜኑ ገበሬ ዶሮ ያረባ ነበር ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው የግብርና ናሙና ጥናትም በኢትዮጵያ የሚገኘው የዶሮ ብዛት ከ50 ሚሊዮን በላይ መሆኑን አመልክቷል። ከዚህም የሚበዛው ክፍል የአገር ዝርያ ነው። ይህ ሁሉ ዶሮ በትላልቅ ማርቢያዎች ተሰብስቦ የሚገኝ ሳይሆን፥ አብዛኛው በየጓሮው አምስት፥ ስድስት፥ ቢበዛም ዐሥር እየሆነ ተበታትኖ የሚኖር ነው። ስለዚህ የአገሪቱ የዶሮ ሀብት በአብዛኛው በሴቶችና በልጆች እጅ የሚጠበቅ ሀብት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የጓሮ ዶሮ ከሌላው የቤት እንስሳ የምትለይበት አንድ ጠባይ አላት። በሬ በቀንበሩ፥ ላም በገመዷ፥ በግም በእረኛው ይታወቃሉ። ዶሮ ግን ማለዳ ከቆጧ ወርዳ አጥሩን ታልፋለች። ከአንዱ ጓሮ ትል ትለቅማለች፤ ከሌላው አውድማ ጥሬ ታነሣለች፤ ከሦስተኛው ቤት ገንዳ ውኃ ትጠጣለች። አውራ ዶሮ ከሌላት የጎረቤቱ አውራ ያገኛታል፤ አንዳንድ ጊዜም በሰው ጭድ ውስጥ እንቍላሏን ጥላ ስታስካካ ትገኛለች። ማታ ሲሆን ብቻ ወደ ባለቤቷ ቆጥ ትመለሳለች። እንግዲህ የጓሮ ዶሮ ሌሊት የአንድ ቤት፥ ቀን ግን የሰፈሩ ሁሉ ናት። ከዚህ የተነሣ ጥቅሟም ጉዳቷም በአንድ አጥር ውስጥ አይወሰንም። የዛሬው ንግግር ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፤ ዶሮ ማርባት የየግል ሥራ ይመስላል እንጂ በእውነቱ የጎረቤት ሥራ ነው።

ይህን እውነት አርቢዎች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ጭልፊት በሰማይ ሲያንዣብብ በመጀመሪያ ያየችው ሴት ጫጩቱ የማን መሆኑን አትጠይቅም፤ ወጥታ ትጮኻለች፤ ጩኸቷም ከቤት ወደ ቤት ይተላለፋል። ሸለምጥማጥ በአንዱ ቤት ቆጥ ሌሊት ገብቶ እንደ ሆነ፥ ነገሩ በማግስቱ በቡና ላይ ይነገራል፤ ሰምተው የሄዱት ጎረቤቶችም በዚያው ምሽት የየራሳቸውን ቀዳዳ ይደፍናሉ። ቡናው ሲፈላ የሚወራው ወሬ የከንቱ ወሬ ብቻ አይደለም። የማን ዶሮ እንደ ታቀፈች፥ የማን ቄብ እንቍላል መጣል እንደ ጀመረች፥ የትኛው ገበያ እንቍላል በስንት እንደ ዋለ የሚታወቀው በዚያ ነው። መልካም አውራ ዶሮ ያለው ቤትም ስለ አውራው ኪራይ አይጠይቅም፤ በእርሱ ምክንያት ሰፈሩ ሁሉ የሚፈለፈል እንቍላል ያገኛል።

በማስፈልፈልም ረገድ የጎረቤት መረዳዳት ታላቅ ጥቅም አለው። የአገር ዶሮ በዓመት የምትጥለው እንቍላል በአብዛኛው ከ40 እስከ 60 የሚደርስ ነው። ቍጥሩ የሚያንሰው ዶሮዋ ሰነፍ ስለ ሆነች አይደለም፤ ጥቂት ከጣለች በኋላ ለመታቀፍ ስለምትቀመጥ ነው። ለ21 ቀን ትታቀፋለች፤ ከፈለፈለች በኋላም ጫጩቶቿን እየመራች ሁለት ወርና ከዚያም በላይ ትቈያለች። በዚህ ጊዜ ሁሉ እንቍላል አትጥልም። ሁለት ጎረቤቶች ዶሮዎቻቸውን በአንድ ቀን ያሳቀፉ እንደ ሆነ ግን፥ የሁለቱም ጫጩቶች በተፈለፈሉ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ሌሊት በጨለማ ለአንዲቱ እናት ሊሰጡ ይችላሉ። እናቲቱም በብዙ ጊዜ የራሷ ናቸው ብላ ትቀበላቸዋለች። ሁለተኛዪቱ ዶሮ ከአሳዳጊነት ነፃ ስለምትሆን ቶሎ ወደ እንቍላሏ ትመለሳለች። ጫጩቱን በኋላ መካፈል፥ በመካከሉም የተገኘውን እንቍላል መካፈል የሁለቱ ጎረቤቶች ስምምነት ነው።

በቅርብ ዓመታት ለአርቢዎች የሚታደሉት የተሻሻሉ ዝርያዎችም ይህን መረዳዳት አላስቀሩትም፤ እንዲያውም አጠንክረውታል። እነዚህ ዶሮዎች ብዙ እንቍላል ይጥላሉ፤ ነገር ግን ከአገር ዶሮ ይልቅ መኖ ይፈልጋሉ፥ ብርድና በሽታም ይበረታባቸዋል። ለእንቍላል ተመርጠው የተዳቀሉት ደግሞ መታቀፍን ከሞላ ጎደል ትተውታል። እንግዲህ የተሻሻለች ዶሮ ያላት ሴት እንቍላል አላት፥ ታቃፊ ግን የላትም፤ የአገር ዶሮ ያላት ጎረቤቷ ታቃፊ አላት፥ እንቍላሉ ግን ጥቂት ነው። ሁለቱ ቢስማሙ ሁለቱም ይጠቀማሉ። የአገር ዶሮን ሁሉ ሸጦ በውጭ ዝርያ ብቻ መተካት የማይገባውም ስለዚህ ነው።

ዶሮ የሌለው ሰው ዶሮ የሚያገኝበት የቆየ መንገድ ደግሞ የርቢ የሚባለው ነው። ዶሮ ያላት ሴት አንዲት ቄብ ለሌላት ጎረቤቷ ትሰጣታለች፤ ተቀባዪቱ ታበላለች፥ ትጠብቃለች፤ የሚገኘውን ጫጩት እንደ ስምምነታቸው ይካፈላሉ። አዲስ ጎጆ የወጣች ሙሽራ፥ ባሏ የሞተባት ሴት፥ ከሌላ ስፍራ ተፈናቅሎ የመጣ ቤተ ሰብ፥ ያለ አንድ ሳንቲም ዶሮ ለማርባት የሚችሉት በዚህ ነው። ውሉ በወረቀት አይጻፍም፤ የሚጸናው በመተማመን ነው። ይህን መተማመን የሚያፈርሰው ነገር ቢኖር የሞተውን ወይም የታመመውን መደበቅ ነው።

በእርግጥ የዶሮ ነገር ጎረቤትን የሚያፋቅር ብቻ አይደለም፤ የሚያጣላም ነው። አዲስ የተተከለ የጎመን ችግኝ በአንድ ማለዳ ተጭሮ ሲገኝ፥ ለዘር የተሰጣ እህል ሲበላ፥ የቃል ልውውጥ ይነሣል፤ ድንጋይ የተወረወረባት ዶሮም እግሯ ተሰብሮ ትመለሳለች። ይህን የመሰለውን ክርክር ሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ የሚጨርሱት በቀላል ፍርድ ነው፤ ችግኙ እስኪጠና ድረስ ባለ ዶሮዪቱ ዶሮዎቿን ታግዳለች፥ ባለ ጓሮውም አጥሩን ያጠብቃል። የዶሮ ኩስ ለጎመን መደብ ከሁሉ የሚሻል ማዳበሪያ ስለ ሆነ አንድ ቅርጫት ኩስ ለካሣ የተሰጠ እንደ ሆነ ነገሩ በፍቅር ያልቃል። እንዲህ ያለው ጠብ የሚታይ ስለ ሆነ መፍትሔው አይርቅም። የሚከብደው የማይታየው ነው፤ ይኸውም በሽታ ነው።

በዶሮ ላይ ከሚደርሰው በሽታ ሁሉ አርቢዎች አብልጠው የሚፈሩት ፈንግልን ነው። ፈንግል የያዛት ዶሮ መጀመሪያ ላባዋን ነፍታ፥ ክንፏን ጥላ ታንቀላፋለች። ከዚያም አፏን ከፍታ በጭንቅ ትተነፍሳለች፤ አረንጓዴ ተቅማጥ ይይዛታል፤ አንዳንዲቱም አንገቷ ይጠማዘዛል፥ እግሯም ይልፈሰፈሳል። ያልተከተበ መንጋ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቆጡን ባዶ ሊያደርገው ይችላል። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ስለ ሆነ ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ነጭ ሽንኵርትም፥ ቃሪያም፥ ከገበያ የተገዛ የሰው ክኒንም ፈንግልን አያድኑም።

ይህ በሽታ በሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1926 ዓ.ም. በጃቫ ደሴትና በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ በታየ ጊዜ ሲሆን፥ የውጭ አገር ስሙም ከዚያች ከተማ የወጣ ነው። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. በአስመራ አቅራቢያ በነበረ የዶሮ ማርቢያ ነው። ኤርትራ በዚያን ጊዜ፥ እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ከፈረሰ በኋላ፥ የኢትዮጵያ ጠቅላይ ግዛት ነበረች። ከዚያ ወዲህ በሽታው በየመንደሩ ጓሮ የሚመላለስ ሆኗል። ብዙ ጊዜ የሚበረታው በክረምቱ መግቢያ፥ እንዲሁም ዶሮ ከገበያ ወደ ገበያ በብዛት በሚዘዋወርበት በበዓል ሰሞን ነው።

አሁን አንድ አስጨናቂ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ለምሳሌ ያህል ሦስት ልጆችና ስድስት ዶሮዎች ያሏት አንዲት እናት ትታሰብ። ነገ ገበያ ነው። ዛሬ ማታ ከዶሮዎቿ አንዲቱ ክንፏን ጥላ ስታንቀላፋ አየች። ፈንግል መሆኑን ትጠረጥራለች። ዶሮዎቹን ነገ ካልሸጠች በሳምንቱ አንድ እንኳ ላይተርፋት ይችላል። ከሸጠቻቸው ግን ገንዘቧን ታድናለች፤ በሽታውም በቅርጫት ተጭኖ ወደ ገዢዎቹ መንደር ይሄዳል። ከገበያው ያልተሸጡት ሲመለሱም በሽታውን ወደ ራሷ ሰፈር ጎረቤቶች ያደርሱታል። ይህች እናት ክፉ ሴት አይደለችም። የምትሸጠው የልጆቿን ደብተርና የወሩን ጨው ነው። ከልጆቿ ጉዳትና ከማታውቀው ገዢ ጉዳት አንዱን ምረጪ ስትባል የትኛውን እንደምትመርጥ ማንም ያውቃል።

ባለሙያዎች «የታመመ ዶሮ አይሸጥ» እያሉ ብዙ ዘመን መክረዋል። ምክሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ኪሳራውን ሁሉ በአንዲት ድሀ ሴት ትከሻ ላይ ጥሎ የሚሄድ ምክር አይፈጸምም። ደግሞም ሕመሙን የገለጠችዋ ሴት በጎረቤቶቿ ዘንድ «በሽታ አመጣችብን» ተብላ የምትወቀስ ከሆነ፥ ቀጥሎ የታመመበት ቤት በእርግጥ ይደብቃል። የተደበቀ ፈንግል ደግሞ ከታወቀው ፈንግል ይልቅ ብዙ ዶሮ ይፈጃል። እንግዲህ ሕመሙ እንዲገለጥ የሚፈልግ ሰፈር የመግለጡን ዋጋ አብሮ መክፈል ይገባዋል።

ይህ እንዴት ይሆናል? ዕድር ያለው ሕዝብ መንገዱን ያውቀዋል። ሰው ሲሞት ጎረቤት ለሐዘንተኛው የሚደርሰው ሐዘንተኛው ስለ ለመነ አይደለም፤ አስቀድሞ ስለ ተዋዋለ ነው። ለዶሮም የተዋዋሉ እንደ ሆነ ሸክሙ ቀላል ነው። 16 ቤቶች በየ15 ቀኑ አንድ አንድ እንቍላል ቢያዋጡ በወር 32 እንቍላል ይሆናል። የዚህ ዋጋ ተሰብስቦ ቢቀመጥ ለክትባቱ ወጪ ይውላል፤ ከዚያም የተረፈው፥ ሕመሟን ገልጣ ዶሮዎቿን ከገበያ ላስቀረችው ሴት የቄብ መግዣ ይሆናል። ገንዘቡ ያልበቃ እንደ ሆነም፥ በሽታው ካለፈ በኋላ ከየቤቱ አንዲት ቄብ በየርቢ ብትሰጣት በሚቀጥለው ዓመት ቆጧ እንደ ገና ይሞላል። ይህን አስቀድማ የምታውቅ እናት ማታ ያየችውን ነገር ለጎረቤቷ ለመንገር አትፈራም። በዚያው ሌሊት የሰማው ሰፈርም ማለዳ ዶሮዎቹን ከቆጥ ሳያወርድ ያግዳል። ከዚህ የሚበልጥ መከላከያ አይገኝም፤ ከአንድ ነገር በቀር፤ እርሱም ክትባት ነው።

የፈንግል ክትባት አለ፤ ይሠራልም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው በቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻም ያመርተዋል። ታዲያ ክትባት ካለ ፈንግል በየጓሮው ስለ ምን ይመላለሳል? ከምክንያቶቹ አንዱ በብልቃጡ መጠን ላይ ይታያል። ክትባቱ ለአንድ ቤት ስድስት ዶሮ ተብሎ አይታሸግም፤ አንዱ ብልቃጥ ለመቶና ከመቶ ለሚበልጥ ዶሮ የተዘጋጀ ነው። አንድ ጊዜ ከተበጠበጠ ደግሞ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት፤ ለነገ አይቀመጥም። 6 ዶሮ ያላት አንዲት ቤት ለ100 ዶሮ የተዘጋጀውን ብልቃጥ ለብቻዋ ብታስከፍት የ94 ዶሮ ክትባት ይደፋል፤ ዋጋውንም አትችለውም። 16 ቤቶች ግን እያንዳንዳቸው 6 ዶሮ ይዘው በአንድ ማለዳ ቢቀርቡ 96 ዶሮ ይከተባል፤ የሚተርፈው የ4 ዶሮ ብቻ ነው። ወጪውም ለ16 ይከፈላል። እንግዲህ ብልቃጡ ራሱ ጎረቤት ይፈልጋል፤ ያልተባበረ ሰፈር አይጠቀምበትም።

ይህ በሐሳብ ብቻ የሚነገር አይደለም፤ በምሥራቅ አፍሪቃ አገሮች ተፈትኗል። በአውስትራሊያ በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ አይ-2 የተባለ የፈንግል ክትባት ሙቀትን ከሌሎቹ በተሻለ ይችላል። ስለዚህ ማቀዝቀዣ በሌለበት መንደር በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከፀሐይ ተጠብቆ ሊደርስ ይችላል። የክትባቱም ዘር ለማምረት ለሚፈልጉ ታዳጊ አገሮች ያለ ክፍያ ተሰጥቷል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሞዛምቢክና በታንዛኒያ መንደሮች ነዋሪዎቹ ከመካከላቸው ሰው እየመረጡ አሠልጥነዋል። ከተመረጡትም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። እነዚህ ከታቢዎች በተወሰነው ቀን ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ ለእያንዳንዱ ዶሮ ዐይን አንድ ጠብታ ያደርጋሉ፤ ስለ ድካማቸውም ከባለ ዶሮው ጥቂት ሳንቲም ይቀበላሉ። ሥራው የጸናው በዚህ ክፍያና ከታቢዋ የመንደሩ ሰው በመሆኗ ነው። ጎረቤት ለሆነች ከታቢ በር አይዘጋም፤ ዶሮም አይደበቅባትም።

አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ፥ ገና ሳይነጋ ወይም ማታ ከገቡ በኋላ መያዝ ይቀላል፤ አጥሩን ካለፉ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ማሳደድ ነው። ለአንዲት ጫጩትም ለታላቅ አውራ ዶሮም የሚሰጠው እኩል አንድ ጠብታ ነው። መከላከያው የሚጸናው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ከቈየ በኋላ ስለ ሆነ በሽታው ከመጣ በኋላ መከተብ የዘገየ ነው። በየ4 ወሩም ይደገማል። ለደጋው ኑሮ የሚመች አንድ አቈጣጠር ቢፈለግ፥ በታኅሣሥ መጀመሪያ ከገና ገበያ በፊት፥ በሚያዝያ መጀመሪያ ከክረምት በፊት፥ በነሐሴ መጀመሪያ ከዘመን መለወጫ ገበያ በፊት ማድረግ ይቻላል። በመካከሉ የተፈለፈሉ ጫጩቶች በሚቀጥለው ቀን ይቈጠራሉ። ቀኑ የታወቀ ይሁን እንጂ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ክትባቱን እንዲያመጣ የዶሮው ብዛት አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ክትባት ግን የሁሉ ነገር ፈውስ አይደለም። የሚከላከለው ፈንግልን ብቻ ነው፤ የዶሮ ፈንጣጣን፥ የጫጩት ደም ተቅማጥን፥ ብርድንና ጭልፊትን አያስቀርም። በብዙ መንደር ከሚፈለፈለው ጫጩት እኩሌታው ያህል ሁለት ወር ሳይሞላው ይጠፋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጫጩቶችን ከእናታቸው ጋር በእንቅብ ወይም በተከለለ ስፍራ ማቈየት፥ ውኃቸውን በየቀኑ መለወጥ፥ ጥሬውንም ከክክ ጋር አድቅቆ መስጠት አስፈላጊ ነው። ይህ የየቤቱ ሥራ ነው፤ ጎረቤት ሊተካው አይችልም።

ከዚህ ሌላ ሰፈሩ ሁሉ አብሮ ሊጠብቃቸው የሚገቡ ሦስት ደንቦች አሉ። አንደኛ፥ ከገበያ የመጣች ዶሮ ቢያንስ 2 ሳምንት፥ ቢቻል 3 ሳምንት፥ ከሌሎቹ ተለይታ ለብቻዋ ትቀመጥ፤ በሽታ ቢኖርባት በዚህ ጊዜ ውስጥ ይታያልና። ሁለተኛ፥ የሞተች ዶሮ ከቆሻሻ ላይ አትጣል፤ ውሻ በማያወጣው ጥልቀት ትቀበር፥ ወይም ትቃጠል። በፈንግል ከሞተች ዶሮ የተረፈ ላባና አንጀት ለሌሎቹ ሞት ነው። «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» ተብሎ የተነገረው ምሳሌ በዚህ ላይ ቃል በቃል ይፈጸማል፤ ጤነኛዪቱ ዶሮ በቆሻሻው ክምር ጭራ የራሷን መሞቻ ታወጣለችና። ሦስተኛ፥ በሽታ የገባበትን ቤት የጎበኘ ሰው ወደ ሌላ ጓሮ ከመግባቱ በፊት እጁንና ጫማውን ይታጠብ። ብዙ ዶሮ ባንድ ጊዜ የሞተ እንደ ሆነም ለባለሙያው በዚያው ቀን ይነገር፤ ፈንግል የሚመስል ሁሉ ፈንግል አይደለምና።

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በየ15 ቀኑ አንድ እንቍላል፥ በዓመት ሦስት ማለዳ፥ በየሰፈሩም ለመማር ፈቃደኛ የሆነች አንዲት ሴት ይበቃሉ። ከሁሉ የሚከብደው በቡና ላይ የሚነገረው አንድ ቃል ነው፤ «ዶሮዬ ታማለች» የሚለው። ይህን ቃል የተናገረች ሴት የማትወቀስበትና የማትከስርበት ሰፈር ፈንግል ቢደርስበት እንኳ ዶሮ አልባ ሆኖ አይቀርም።

ስለዚህ እናቶች በሚቀጥለው የዕድር ቀን ሁለት ነገሮችን ቢወስኑ መልካም ይሆናል። ይኸውም መጀመሪያ፥ በየቤቱ ያለው ዶሮ ከጫጩት ጀምሮ ይቈጠር፤ ሁለተኛም፥ ሕመሟን ለገለጠች ሴት ሰፈሩ ምን እንደሚያደርግላት በቃል ኪዳን ይታሰር። ቍጥሩ ለባለሙያው፥ ቃል ኪዳኑም ለጎረቤቶች ከደረሰ፥ የሚቀረው ብልቃጡን የሚያመጣው ሰው የሚመጣበትን ማለዳ መጠበቅና በዚያች ሌሊት ዶሮዎቹን ከቆጥ አለማውረድ ብቻ ነው።